ጠቅ ጠቅ የሚል ስኮርታ፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ከመነሳታችን በፊት፣ ማታ

መኪናዬ ላይ ትልልቅ ጎማ ካስገባሁ ገና ሁለት ሳምንት ነው። ከ265/70 ወደ 285/75፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ያው 16 ኢንች። ቁጥሩን ሲያዩት ምንም አይመስልም። የጎማው ቁመት ግን ከ777 ሚሊሜትር ወደ 834 ነው የሄደው፣ ክብደቱም ዝም ብሎ አልቀረም። ከመገጠሙ በፊት ሚዛን ላይ አቁሜ አይቼው ነበር፤ የድሮው ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) ከነቸርኬው 32 ኪሎ፣ አዲሱ 41።

9 ኪሎ ምን አላት ብዬ አለፍኩት። ስኮርታዬ የሚቀመጠው የኋላ በሩ ላይ ነው። በሩ ደግሞ በሁለት ማጠፊያ የተንጠለጠለ ላሜራ ነው። ስለዚህ 41 ኪሎ ብረትና ላስቲክ ከመኪናው ወጣ ብሎ ተንጠልጥሎ፣ በየጉድጓዱ ማጠፊያውን ሲጎትት ይውላል ማለት ነው። ይሄን ግን ዛሬ ማታ አላሰብኩትም። ዛሬ ማታ ያሳሰበኝ ብርድ ልብሱ ይበቃናል ወይ የሚለው ነበር።

የገጠመልኝ ልጅ "በሩን እንዳይነካብሽ ትንሽ ወደ ውጭ አወጣሁልሽ" ብሎኛል። በምን እንዳወጣው አልጠየቅኩም። አጥብቆ ማሰሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መፍቻው ላይ በእግሩ ቆሞበት ነበር።

አንደኛ ቀን

ማልደን ወጣን። ሁለት መኪና ነን፤ እኔ በራሴ፣ ጋሼ በፒካፓቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው ያሳለፉ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ፣ ግን የሰው መኪና ሲያዩ እጃቸው አያርፍም።

አስፋልቱ 280 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ስለሱ የሚወራ ነገር የለም። ጠጠሩ ሲጀምር ከኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ክሪኩ ነው ብዬ ቆምኩና በጨርቅ ጠቀለልኩት። ትንሽ እንደሄድኩ፣ ጠቅ። የውሃ ጀሪካኑን አሰርኩት። ጠቅ ጠቅ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት፣ ለእሱስ ፍቱን መድኃኒት ነው።

ማታ ድንኳን ስንተክል ጋሼ ሳልጠራቸው መጡ። ስኮርታውን መሪ እንደሚያዝ ግራና ቀኙን ይዘው ገፋ ሳብ አደረጉት።

"ምን አየሽ?"

"ጎማው ተነቃነቀ።"

"መኪናውስ?"

መኪናው ንቅንቅ አላለም። ወደራሳቸው ፒካፕ ወሰዱኝና ከሥር የታሰረውን ስኮርታ በእግራቸው ገፉት፤ የመኪናው ቂጥ በባሌስትራው (ከሥሩ ባለው ተጣጣፊ ብረት) ላይ ተወዛወዘ። ፈተናው ይሄው ነው። በደንብ የታሰረ ስኮርታ የመኪናው አካል ስለሆነ እሱን ስትነቀንቁ መኪናው አብሮ ይሄዳል። ጎማው ብቻውን ከሄደ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። ክፍተቱን ለማግኘት ደግሞ አንድ ሰው ጎማውን ይነቀንቃል፣ ሌላው ጣቱን መጋጠሚያዎቹ ላይ እያሳረፈ ይሄዳል፤ ቸርኬውና ማንጠልጠያው መሃል፣ ማንጠልጠያውና በሩ መሃል፣ በመጨረሻ ማጠፊያዎቹ ላይ። ክፍተቱ ያለበት ቦታ ጣታችሁን ይቆነጥጣል። የእኔ ቸርኬው ጋ ነበር።

ሦስቱንም ዳዶዎች (ብሎኑ ላይ የሚጠብቁትን) ሩብ ዙር ያህል አጠበቅኩ። ድምፁ የጠፋ መሰለኝ። ጋሼ ግን ዳዶዎቹን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ፣ "ነገ እናየዋለን" ብለው ሄዱ። አልወደድኩትም።

ሁለተኛ ቀን

ዛሬ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ነበር። ይሄን መንገድ የነዳ ያውቀዋል፤ ጥርስ ይነቀላል፣ ብሎን ይፈታል፣ ትዕግሥትም አብሮ። አንድ ቦታ ቆመን ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው በሜትር ለካሁት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ከነዳሁ 75,000 ጉብታ ማለት ነው። እያንዳንዷ ደግሞ ስኮርታዬን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ መልሳ ትይዛለች። ግጭቱ የክብደቱን ሦስት እጥፍ ቢሆን 123 ኪሎ በመኪናው በር ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። ብረትን የሚገድለው አንዱ ትልቅ ምት ሳይሆን ይሄ የማያልቅ ትንንሽ ነው።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ድምፁ ተመለሰ፣ አሁን ጠቅ ሳይሆን ዷ ዷ። ቆምን። አንዱ ዳዶ በእጅ ይዞራል።

ጋሼ "አውርጂው" አሉ። ከ41 ኪሎው ጋር እየታገልን አወረድነውና የልጁን ጥበብ አየነው። ጎማው ስለወፈረ ቸርኬው ማንጠልጠያው ላይ ሳያርፍ ጎማው ቀድሞ የበሩን ላስቲኮች ይነካል፤ እሱ ታዲያ በየብሎኑ ላይ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ደራርቦ ጎማውን 12 ሚሊሜትር ወደ ውጭ አውጥቶታል። በሩን አይነካም፣ እውነቱን ነው። ችግሩም ይሄው ነበር።

አሠራሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም እኔም ዛሬ ነው የገባኝ። በር ላይ የሚገጠም ስኮርታን ብሎኖቹ ብቻ አይደሉም የሚይዙት። ቸርኬዬ 6 ቀዳዳ አለው፣ ማንጠልጠያው ግን የሚጠቀመው ሦስቱን ነው። ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት በሩ ላይ ያሉት የላስቲክ መደገፊያዎች ናቸው። ዳዶዎቹ ጎማውን ወደ በሩ ይስባሉ፣ ላስቲኮቹ የጎማውን ጎን ይገፋሉ፣ በዚህ ስበትና ግፊት መሃል ጎማው መንቀጥቀጫ ያጣል። መደገፊያውን ካራቃችሁበት ጎማው መሃሉ ላይ ብቻ የተያዘ ትልቅ ሰሃን ይሆናል፣ ዳሩ እንደፈለገው ይወዛወዛል።

ሁለተኛው ጉድ የብሎኑ ጥርስ ነው። ብሎኑ 12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በጥርስና በጥርስ መሃል 1.5 ሚሊሜትር ነው። ዳዶ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት ይላሉ ጋሼ፣ ማለትም 8 ሙሉ ዙር። የእኔን እየፈቱ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እና ዳዶው መዳፋቸው ላይ ወደቀ። "በአምስት ዙር ነው እስካሁን የመጣሽው" አሉኝ። ከኋላዬ ሞተር ሳይክል ቢኖር ብዬ አሰብኩና ሆዴን አመመኝ።

ሦስተኛው፣ የዳዶው ቅርጽ። የቸርኬው ቀዳዳ አፉ ሾጣጣ ነው፣ ሾጣጣ ዳዶ ሲገባበት ራሱን መሃል ላይ ያስቀምጣል፣ በሰፊው ይጣበቃል። ልጁ ያስገባው ግን ጠፍጣፋ ዳዶ ነው። የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ሲበላ ይላላል። የፈለገ ቢጠበቅ ይላላል።

ልጁ መፍቻው ላይ በእግሩ የቆመበት ነገርም አለ። 70 ኪሎ የሚሆን ሰው ግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ከቆመ 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ዓይነት ብሎን መሬት ላይ ለሚሽከረከር ጎማ እንኳን የሚጠየቀው 110 አካባቢ ነው። ሦስት እጥፍ! ብሎን እንደ ጎማ ላስቲክ ትንሽ ተለጥጦ ነው የሚይዘው፤ ከልኩ በላይ ከተለጠጠ ግን ተለጥጦ ይቀራል፣ መያዙንም ይተዋል። እኔ ደግሞ ያንን ዝላይ ሳይ "ጎበዝ ልጅ" ብዬ ነበር።

ጋሼ የዳዶ ቆርቆሯቸውን አመጡ (እያንዳንዱ አሮጌ መካኒክ አንዲት የተዘበራረቀች ቆርቆሮ አለችው፣ የፈለጉት ነገር ሁልጊዜ ከታች ነው)። ሦስት ሾጣጣ ዳዶ ተገኘ። ሮንዴላዎቹን አወጡ፣ የላስቲክ መደገፊያዎቹን ዞር ዞር አድርገው ወደ ውስጥ አስገቧቸው፣ ለካ በጥርስ የሚገቡ ናቸው። ጎማው አሁን ማንጠልጠያው ላይ ሙሉ በሙሉ አርፎ ላስቲኮቹንም ጠበቅ አድርጎ ይጫናል። ዳዶውም አሁን ከ8 ዙር በላይ ገባ። በጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ቸርኬው አንዳንድ መስመር አሰመርኩ፣ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ መፍቻ ሳላወጣ በዓይኔ አያለሁ። የጥፍር ቀለሙ ሐሳብ የእኔ ነው፣ ይመዝገብልኝ።

የጎማዎቹን ንፋስም ከ36 ወደ 26 ፒኤስአይ አወረድን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰው መሰለ።

ሦስተኛ ቀን

ጠዋት መስመሮቹ አልተነኩም። ተደስቼ በሩን ስከፍት ግን በሩ ከወትሮው ዝቅ ብሎ መጣ፣ ስዘጋውም ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። ጋሼ መጥተው የታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ጎንበስ አሉ። ነጩ ቀለም ላይ ቀጭን ቡኒ መስመር አለ፣ ፀጉር የወደቀበት ይመስላል። በጣቴ ጠረግኩት፣ አልጠፋም። ስንጥቅ ነው። አቧራ ገብቶበት ነው የታየው፤ መኪናዬን ባጥበው ኖሮ አላየውም ነበር።

ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከማጠፊያው ብሎን ቀዳዳ ጀምሮ ወደ በሩ መሃል። ትናንት ያስተካከልነው ሁሉ ልክ ነበር፣ ግን በሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲንገላታ ከርሟል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ጠጠር፣ ከዚያ ያ ቆርቆሮ። በዚያ ላይ በሩ ለ32 ኪሎ የተሠራ ነው። ዳዶውን በትክክል ማሰር ላሜራውን አያወፍረውም።

"በባትሪ እንበይደው?" አልኩ። ሁለት የመኪና ባትሪ በተከታታይ አያይዞ መበየድ እንደሚቻል ሰምቻለሁ፣ ይቻላልም። ጋሼ ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ በባትሪ የሚበየደው ወፍራም ብረት ነው። ይሄን ላሜራ ስትነኪው ይቃጠላል፣ ከስንጥቅ ይልቅ ቀዳዳ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።"

ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። የስንጥቁን ጫፍ ፈልገው እዚያው ላይ በ4 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በሱት። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው፣ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ የሚሰበሰብበት ያጣል። ይሄ ማቆሚያ እንጂ ጥገና አይደለም፣ ስለዚህ ስኮርታው ከበሩ ላይ ወረደ።

የት እናድርገው? የጋሼ ፒካፕ በዕቃ ሞልቷል። ቀረ ጣሪያው። 41 ኪሎ ከራስ በላይ ማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ከሆኑ ጠቅላላ ክርክር ይፈልጋል። በመጨረሻ መሰላሉን አጋድመን እንደ ተንሸራታች ተጠቀምንበት፤ ከታች እኔ ገፋሁ፣ ከላይ እሳቸው በገመድ ሳቡ።

የመኪናው መመሪያ ጣሪያው የሚሸከመውን 100 ኪሎ ይላል፣ ያ ግን በጥሩ መንገድ ነው፣ ፖርቶመጋላውንም (የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ) ራሱን ይጨምራል። የእኔ ፖርቶመጋላ 30 ኪሎ ነው። ስኮርታው ሲጨመር 71። በዚህ መንገድ ላይ ከዚያ በላይ አንድ ነገር መጫን ስላልፈለግኩ እዚያ የነበሩትን ሁለት ጀሪካኖች ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

በሁለት ባለ ራቼት (ባለ ማጥበቂያ እጀታ) ቀበቶ፣ በጎማው ላይ ከላይ ተሻግሬ አሰርኩት። ጋሼ አልተናገሩም። ደክሟቸው ነበር።

አራተኛ ቀን

አንዱ ቀበቶ ጠዋት ግማሽ ድረስ ተበልቷል። የጎማው ጥርስ እንደ መጋዝ ነው የፈገፈገው። ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ጎማው ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዷል።

ስለዚህ እንደገና፣ አሁን ከጋሼ ጋር። ቀበቶው በጎማው ላይ ሳይሆን በቸርኬው ቀዳዳዎች ውስጥ ነው የሚያልፈው። አራት ማሰሪያ፣ ወደ አራት ማዕዘን፣ ስለዚህ ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚሄድበት የለም። የቸርኬው ጠርዝ ስለት እንዳይሆንበት ቀበቶው ሥር የአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ። ከፊቱ የሚያግደው አንድ እንጨት ከፖርቶመጋላው ጋር ታሰረ። ቀበቶውንም ግማሽ ዙር ጠምዝዞ መሳብ ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ ንፋስ ሲያገኘው እንደ ትልቅ ንብ ያዜማል። የሚለጠጥ የላስቲክ ገመድ ለዚህ ሥራ አይታሰብም፤ እሱ ጎማውን አይይዝም፣ ያጫውተዋል እንጂ። ከሁሉ የሚሻለው በቸርኬው መሃል የሚያልፍ ረጅም ብሎንና ሰፊ ብረት ነው። አልነበረንም።

በቁልቁለቱ ላይ መኪናው ወደ ጎን ሲያጋድል ከላይ ያለውን ክብደት በመቀመጫዬ አወቅኩት። ቀስ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የተነፈሰው ደግሞ የጋሼ ጎማ ነው፣ የኋላ ግራ፣ ጭቃ መሃል። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ። የእሳቸው ስኮርታ ከሥር በሰንሰለት የሚጠቀለል ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ያለ፣ በር የማይሰነጥቅ፣ ምንም የማይጋርድ። ሦስት ቀን ሲያሞግሱት ቆይተዋል። አሁን ረጅሙን ዘንግ በፓራውልቱ (በኋላ መከላከያ ብረቱ) ቀዳዳ አስገብተው ሲያዞሩ ማውረጃው በደረቀ ጭቃ ተይዟል። ውሃ አፈሰስን፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግን፣ ዞረ። ጎማው ወረደ፣ ግን መኪናው በተነፈሰው ጎማ ምክንያት ዝቅ ብሏልና አይወጣም። በሰፊ ጣውላ ላይ ክሪክ አስገብተን ከፍ ማድረግ ነበረብን። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ማንም ሥሩ አይገባም፤ ጎማውን በገመድ ጎትተን ነው ያወጣነው።

ንፋሱ ስንት ነበር? 17። ይሄ እንኳን የቆየ በሽታ ነው፣ ከሥር ያለ ስኮርታን ማንም አይለካውም። በኮምፕሬሰር ሞላነው። ጋሼ ለተወሰነ ጊዜ አላወሩም።

የተነፈሰውን ሲመልሱ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በሰንሰለቱ ጫፍ ያለችው ሳህን ቸርኬው መሃል ላይ ቀጥ ብላ መቀመጧን በእጃቸው ዳብሰው ነው ማዞር የጀመሩት። ከተጋደመች ሲጠበቅ ልክ የሆነ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጎማውም መንገድ ላይ ይቀራል። ካጠበቁ በኋላ በእግራቸው ገፉት። መኪናው ተወዛወዘ።

አምስተኛ ቀን

አሸዋ። ነፋስ። ምንም አልተላላም። በየ100 ኪሎ ሜትሩ ቆሜ አየሁ።

ስድስተኛ ቀን

ወደ አስፋልቱ ከመውጣታችን በፊት ያደርንበት ቦታ ላይ ስኮርታውን ከኋላ በሚከፈት ክንድ ላይ ያሰረ መኪና አገኘን። ባለቤቱ ፈቀደልንና ጋሼ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩት። እኔም።

ክንዱ በሩን ጨርሶ አይነካም። ከፓራውልቱ ጥግ በሚወጣ ወፍራም ምሰሶ ላይ ይዞራል፣ ውስጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ (በቀላሉ የሚያሽከረክር) አለ፣ ከተጎታች ጎማ ጋር አንድ ዓይነት፣ በግራሶ የተሞላ። ፓራውልቱ ራሱ ሻንሲው (የመኪናው ዋና አጥንት) ላይ ነው የታሰረው፤ ጋሼ መጀመሪያ የተኙት ይሄን ለማየት ነው። ቀጭን ላሜራ ላይ የተበየደ ክንድ ከበሩ አይሻልም፣ ስንጥቁን ቦታ ማስቀየር ነው። ክንዱ ሲዘጋ ጫፉ ተዳፋት ላስቲክ ላይ ይወጣና በማንሻ ይጨመቃል፣ ከዚያ ላይ ሁለተኛ ፒን ይገባል። ማንሻው ቢከፈት ፒኑ ይይዛል ማለት ነው። ነቀነቅኩት። መኪናው አብሮኝ ሄደ።

ነፃ ነገር ግን አይደለም። ክንዱ 35 ኪሎ ነው አለ ባለቤቱ፣ ጎማው 41 ቢሆን 76 ኪሎ፣ ከኋላ አክሰሉ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ። በሁለቱ አክሰሎች መሃል 2.8 ሜትር ቢኖር የኋላው አክሰል የሚሸከመው 76 ሳይሆን 109 ኪሎ ገደማ ነው፣ ትርፉን 33 ኪሎ ከፊት አንስቶ ይወስዳል። መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራት ወደ ሰማይ ያያል፣ የኋላ ባሌስትራ ይጨነቃል። ታርጋና የኋላ መብራት እንዳይጋረዱም ሌላ ቦታ ማዛወር አለ። ዕቃ ለማውጣት ሁልጊዜ መጀመሪያ ክንድ፣ ከዚያ በር፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ክንዱን ከፍቶ የሚያቆም ነገር ከሌለ ዞሮ ይመታችኋል። ባለቤቱ ክርኑን አሳየን።

"በድሮው ላንድ ሮቨር ስኮርታ ኮፈኑ ላይ ነበር" አሉ ጋሼ። "ማንም ስለ በር አያወራም ነበር።"

"ኮፈኑን ለመክፈትስ?"

"ጎበዝ ያስፈልግ ነበር።"

ከተመለስን በኋላ

በሩ ከውስጥ ወፍራም ብረት ገብቶለት ተበየደ፣ ግን ጎማ አይሸከምም። ክንዱን አስገጠምኩ፣ ሻንሲው ላይ። ዳዶዎቹን በመለኪያ መፍቻ ራሴ ነኝ ያጠበቅኩት፣ ሾጣጣዎች፣ ዙራቸውን ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ስኮርታውን ከሌሎቹ አራት ጋር በተራ ማዞርም ጀምሬያለሁ፣ አምስቱ እኩል እንዲያረጁ። የልጁ ሮንዴላዎች አሁንም በሩ ኪስ ውስጥ ናቸው፣ ሲነዳ ይንሿሿሉ።

የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ነድቼ ቆምኩና መስመሮቹን አየሁ። ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ሦስተኛው ፀጉር ያህል ተሰብሯል። መፍቻውን አወጣሁ፣ አጠበቅኩት፣ የድሮውን ቀለም ጠርጌ አዲስ መስመር አሰመርኩ።